መሰላሉ ላይ የቀረው ሰውዬ

ሰፈሩ «እጥፌ» ይለኛል። ያየሁት አንድ ከሆነ ሁለት አድርጌ ስለማወራ ነው። እኔ «ሦስት ሰዎች ተደባደቡ» ካልኩ፣ ሰፈሩ «እንግዲያው አንድ ተኩል ሰው ተደባድቧል» ብሎ ያልፋል። ትምህርትና እኔ የተፋታነው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስካሁን አልተወሰነም። ለሁለት ማካፈልን ግን ለሰፈሩ በሙሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ደሞዝም አልተከፈለኝም።

ዛሬ የምነግራችሁን ግን እንዳታካፍሉብኝ። ምንም አልጨመርኩበትም። ማለቴ፣ ብዙ አልጨመርኩበትም።

ሥራዬ የሞተ ማስነሳት ነው፦ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ማራገቢያ፣ የፀጉር ማድረቂያ። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ አንዱ መተንፈስ ያቆማል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ መበየጃዬን አግዬ አንድ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ አጎንብሼ ሳለ፣ አንዲት ወይዘሮ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ገባች። አያያዟ የአራስ ልጅ ነው። «ዝም ብሎ ተኝቷልና ድምፅ አታሰማ» የምትለኝ መሰለኝ። እጇ ላይ ስስ የሐኪም ጓንት አድርጋለች።

«አንተ ነህ የሞተ የምታስነሳው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከወንዝ የወጣ ቴሌቪዥን አስነስቼ፣ ውስጡ የነበረው ዓሣ ጭምር ነቃ።»

አልሳቀችም። ፎጣውን በቀስታ ፈታችው። እኔም አየሁ፤ አይቼም መበየጃው ከእጄ ወድቆ የጫማዬን አፍንጫ አቃጠለው።

ባለ መሰላሏ ነበረች!

ለማታውቁ ላስረዳ። ባለ መሰላሏ ከቴሌቪዥን ጋር እየተገጠመች ጌም የምታጫውት ማሽን ናት። ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ስሟ በውጭ ቋንቋ ረጅም ነገር ስለነበር ማንም አልጠራትም። አብሯት የሚመጣው ካሴት ውስጥ አንድ ትንሽ ሰውዬ መሰላል ይወጣል፤ ከላይ በርሜል ይወረወርበታል፤ ይወድቃል፤ እንደገና ይወጣል። ሌላ ሥራ የለውም። በዚህ ነው ባለ መሰላሏ ያልናት። ከፋብሪካ ስትወጣ ግራጫ ነበረች፤ ዕድሜ ግን የአጫሽ ጥርስ አስመስሏታል።

«እንዲህ ሆና ነው ያገኘኋት» አለች ሴትዮዋ፣ ሐሳቤን ያነበበች ይመስል። «ቢጫውን እንዳትፍቀው። ብሎኖቿንም እንዳትቀይር። እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ የራስን ጥርስ የሚያህል የለም።» ከኪሷ ያችን ጥርስ የሚያዩባትን ባለ ዘንግ ትንሽ መስታወት አወጣችና በአየር ማስገቢያዋ ቀዳዳ ሰደደቻት። «ተመልከት፣ ከውስጥ የፋብሪካው ማኅተም አልተነካም። ዘጠኝ ጠጋኝ ጋ ወስጄያታለሁ። ዘጠኙም ‹አዲስ አትገዢም ወይ?› አሉኝ።»

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህችን ምን ሊያደርጓት ነው? ያኔም እኮ የፈለጋት አልነበረም።»

እንዲህ ስላት ፊቷ በራ። ጉድ ነው! ስለ ልጇ የጠየቅኋት ይመስል በርጩማዬን ሳበችና ተቀመጠች።

«ለዚህ ነዋ የምፈልጋት! ስማኝ። ይህች ማሽን ምን ያልተሳሳተችው ነገር አለ? ሌሎቹ በቀለም ሲመጡ እሷ በጥቁርና ነጭ መጣች። የጆይስቲክዋ ገመድ ክንድ አይሞላም፤ ልጅ አፍንጫውን ቴሌቪዥኑ ላይ ለጥፎ ነበር የሚጫወተው። ካሴቶቿ አምስት ብቻ ናቸው፤ ከአምስቱ ሁለቱ አንድ ዓይነት። ዋጋዋ ደግሞ ከሁሉም በላይ። በወጣች በሦስተኛው ወር በግማሽ ዋጋ የተሻለች መጣችና አለቀላት። ፋብሪካው ዘጋ። የገዛት ጣላት። ባለሱቅም ያልተሸጠችውን ጣላት። ዛሬ ያሸነፉትን ማሽኖች በየቤቱ ታገኛቸዋለህ፤ ይህችን ግን ፈልገህ አታገኛትም። የጠላት ሰው ስለበዛ ነው ዛሬ የምትወደደው።»

«እና ሌላም ሰው ይፈልጋታል?»

«እንደ እኔ ያለን ሁለት መቶ ሰው እንሆናለን። በስልክ እንጻጻፋለን። ባለፈው ዓመት አንዱ ካርቶኗን ብቻ፣ ባዶ ካርቶን፣ አግኝቶ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልንገርህ፤ አባቴ የገዛልኝ ይህችኑ ዓይነት ነበር። የክፍል ልጆች በሙሉ ያቺን ሌላዋን ነበር የያዙት። ካሴት ሲለዋወጡ እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። ‹የአንቺዋ ከማን ጋር ትለዋወጣለች?› እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አባቴ እንዳይሰማው ብዬ ‹በጣም ነው የወደድኳት› እለዋለሁ። ስለው ስለው ጊዜ እውነትም ወደድኳት።»

እዚህ ላይ ነው ምላሴ ያመለጠችኝ።

«አጎቴ ጋ መቶ አሉ» አልኩ።

ሐኪሟ ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። «ስለ አንተ በር ላይ ነግረውኛል፤ ሲያወራ ለሁለት አካፍይው ብለውኛል።»

«እሺ፤ አርባ ስምንት።»

«አርባ ስምንት?»

«አርባ ስምንት፣ ከነካርቶናቸው። ፕላስቲካቸው እንኳ አልተቀደደም። አጎቴ ዕቃ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቆልፎባቸው…»

መስታወቷ ከእጇ ወደቀች። እኔም ቀሪውን ቃል ዋጥኩት፤ ምክንያቱም ቀኑ ቅዳሜ መሆኑ ትዝ አለኝ። የአጎቴ ሚስት በሳምንቱ መጀመሪያ የነገረችኝ ነገር እንደ ፈላ ውሃ አናቴ ላይ ፈሰሰብኝ። ልጃቸው መንታ ወልዳ ልትታረስ ወደ እነሱ ልትመጣ ነው። ዕቃ ቤቱ ክፍል ሊሆን ነው። ዕቃውን በሙሉ ቁራሌው ይወስደዋል፤ ወስዶም በመጭመቂያ ጨፍልቆ በኪሎ ይሸጠዋል። መቼ? ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት።

«ዶክተር፣ መኪና አለዎት?»

«አለኝ፤ ምነው?»

«ይነሱ! በሞቴ ይነሱ! መንገድ ላይ እነግርዎታለሁ!»

ሱቄን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም። መበየጃውን መንቀሌን ግን አውቃለሁ፤ አካፍሉትና ግማሹን ነቅዬዋለሁ።

መንገድ ላይ የነገርኳት ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ለእናንተ ልንገራችሁ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። በወጣትነቱ በከተማው የታወቀ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነበረው፤ መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት የሆነ። ባለ መሰላሏን አምጥቶ በመስኮት ሲደረድራት እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን አጫወተኝ። ሁለተኛ ቀን ስሄድ «እጅህ ቅባት ነው፤ ታጥበህ ና» አለኝ። ታጥቤ ስመጣ ደንበኛ መጥቶ ነበርና «ነገ» አለኝ። ነገ ማለት ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መቶ ዓመት ነው። ተቀየምኩ። ትምህርት ቤት ሄጄ አጥር ላይ ወጣሁና አንዲት ውሸት ፈታሁ።

«ያቺ ማሽን» አልኩ «ቴሌቪዥን ታበላሻለች። መሰላል የሚወጣው ሰውዬ ከጌሙ ወጥቶ ቴሌቪዥናችሁ ውስጥ ይገባል። ማሽኗን ብታጠፉም አይወጣም። ከዜና አንባቢው ኋላ መሰላሉ ላይ ቆሞ ያያችኋል። እነ እከሌ ቤት እናትየዋ እራት ስታቀርብ ምላሱን አውጥቶባታል።»

በዚህች ውሸት ከዚያ ወዲህ ከተናገርኳቸው ሁሉ አብልጬ እኮራባት ነበር፤ አፍርባትም ነበር። በሳምንት ውስጥ ወሬው የከተማውን እናቶች አፍ ሞላው። ሱቁ አስራ አንድ ማሽን ከሸጠ በኋላ ጭጭ አለ። አጎቴ ከመስኮቱ አነሳቸው። ዓመት ሳይሞላ ሱቁ ተዘጋ፤ አጎቴም የሰው ተቀጣሪ ሆኖ አምፖል ሲቀይር ኖረ። በየሰርጉ፣ በየለቅሶው «እገሌ እኮ ያን ሳጥን አምጥቶ የከሰረው» እየተባለ ሠላሳ ዓመት አለፈ። እሱም አንገቱን ደፍቶ «አዎ፤ አላወቅሁበትም» ይል ነበር። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዳቦዬን እበላለሁ። አንድ ቀንም «እኔ ነኝ» አላልኩም። ሁሉን የሚቀደው አፌ ይህችን አንዲት እውነት ሊወልዳት አልቻለም።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስን። አጎቴ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ያ ቁልፍ ሠላሳ ዓመት ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ሚስቱ ደጃፉ ላይ የሕፃን አልጋ ትወለውላለች።

«ጋሼ!» አልኩ እያለከለኩ። «ቁልፉን ስጠኝ! ለሳጥኖቹ ሰው መጥቷል! እኚህ ሐኪም…»

አጎቴ ቀና ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ዛሬስ ማን ሆነህ መጣህ?»

«እውነቴን ነው ጋሼ!»

«አምና ‹ጋዜጠኛ ሊያናግርህ ይመጣል› ብለህ በከረባት ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ ያስቀመጥከኝ ረሳኸው? ሙሉ ልብሴን ለብሼ! ጎረቤቱ ‹ማን ሞተ?› እያለ እስኪጠይቀኝ ድረስ!»

«ያቺ ሌላ ናት…»

«ይህችንስ ከየት ተከራየሃት?» አለ ወደ ሐኪሟ እያየ። «ጓንቷ ጥሩ ነው። ልጄ፣ ስንት ሰጠሽ?»

ሚስቱ ከት ብላ ሳቀች። «ተዋት እቴ፣ ትልፋ። ቲያትሩ ዛሬ ሴት ጨምሯል!»

ሐኪሟ ግን ቆጣ አለች። ወደ አጎቴ ቀረበችና አገጩን በሁለት ጣት ያዘች። «አፍዎን ይክፈቱ።» አጎቴ ከድንጋጤው ከፈተ። መስታወቷን ላከች። «ከታች፣ በግራ፣ የመጨረሻው መንጋጋ። ቀዝቃዛ ሲጠጡ እስከ ጆሮዎ ይወጋዎታል። በቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚያኝኩት፤ ሁለት ዓመት ይሆንዎታል።»



«አራት ወር ሲቀረው ሁለት ዓመት» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

አጎቴ አገጩን አሻሸ። «እሺ፤ ሐኪም መሆኗን አመንኩ። እነዚያን ሳጥኖች የሚፈልግ ጤነኛ ሰው ይኖራል ማለት ግን ሌላ ነው። ልጄ፣ ይህ ሰው አታሎሻል። ቁልፉ ለቁራሌው ነው። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ከፍቼለት፣ ፊቴን አዙሬ እቆማለሁ፤ በቃ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ይበቃኛል።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ «አንድ ነገር በል» ይላል። ከሩቅ የቁራሌው መኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ሰውየው ገና ሦስት ሰፈር ሲቀረው ነው የሚያናፋው። እኔ ምን ልበል? የዋሸሁት ብዙ፣ የቀረኝ ጊዜ ጥቂት። በአፌ ውስጥ ያለውን ሁሉ ፈተሽኩ፤ አጎቴ ሊያምነው የሚችል አንድም ነገር የለም። ማንም ሊያስመስለው የማይፈልገው፣ ተናጋሪውን ብቻ የሚጎዳ አንድ ነገር ግን ነበረ።

ከወንበሩ ፊት ተንበረከክሁ። ሱሪዬ ጭቃ ነካ።

«ጋሼ፣ ሱቅህን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ሰውዬው ቴሌቪዥን ውስጥ ይገባል፣ ከዜና አንባቢው ኋላ ይቆማል የሚለው ወሬ… የኔ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ‹ነገ› ስላልከኝ ተናድጄ ነው። ከተማው ሁሉ አመነኝ። ሠላሳ ዓመት ‹አላወቅሁበትም› ስትል አጠገብህ ቁጭ ብዬ ሰማሁህ። ቁልፉን ባትሰጠኝም ግድ የለም። ይህን ግን ለሁለት አታካፍልብኝ፤ ሙሉ ነው።»

የአጎቴ ሚስት መወልወያዋን አቆመች። የአጎቴ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰ ብዬ ሞትኩ። ቀና ብዬ ሳይ እየሳቀ ነው! ያቺን የታመመች መንጋጋውን በእጁ ደግፎ፣ እንባው እየወረደ፣ ይስቃል!

«አንተ ቀጣፊ!» አለ። «ይህን ያላወቅሁ መስሎህ ነው? ወሬው ሱቄ በደረሰ በዚያው ቀን ነው ያወቅሁት! እናትየዋ እራት ስታቀርብ ምላሱን አወጣ የሚል በዚህ ከተማ ካንተ ሌላ ማን አለ?»

«ታውቅ ነበር? ታዲያ ለምን አልገረፍከኝም?»

አጎቴ ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ክሩን ከአንገቱ አወለቀ። ሚስቱ «ወይኔ!» አለች፤ አንገቱን ያለዚያ ክር አይታው አታውቅማ።

«ና» አለኝ። «ለዚህ ነው ያልገረፍኩህ፤ ናና እየው።»

የዕቃ ቤቱ በር ሦስት ጊዜ ተገፍቶ በአራተኛው ተከፈተ። አቧራው ለብቻው ወጥቶ ሰላም አለን። ከዚያ ጀርባ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ አርባ ስምንት ካርቶን! እያንዳንዱ ላይ መሰላል፣ እያንዳንዱ መሰላል ላይ ሰውዬ! ፕላስቲካቸው በበሩ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ይላል። ሐኪሟ አንድ እርምጃ ገባች፣ ቆመች፣ ጓንቷን በጓንቷ ላይ አጨበጨበች፤ ከዚያ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ባለችበት መዝለል ጀመረች። «ማኅተሙ አለ! ማኅተሙ አለ! ኧረ የሁሉም አለ!»

አጎቴ ግን ሳጥኖቹን አላያቸውም። ወደ ጥጉ ሄዶ አንድ ነገር ላይ የተጣለ አንሶላ ገፈፈ። ዙሪያው እንጨት የሆነ፣ ሆዱ ወደ ኋላ የወጣ አሮጌ ቴሌቪዥን ነው።

«ወሬህን የሰማሁ ቀን እልህ ያዘኝ» አለ። «ለዚህ ከተማ አሳየዋለሁ አልኩ። ይህን ቴሌቪዥን መስኮቱ ላይ አቆምኩ። ማሽኗን ገጠምኩና ሰውዬውን ሦስተኛው እርከን ላይ አቆምኩት። ‹ዘጠኝ ቀን ሳላጠፋው ይቆያል፤ በአሥረኛው ቀን አጥፍቼ ምንም እንዳልሆነ ታያላችሁ› ብዬ ለጠፍኩ። ዘጠኝ ቀን አልጠፋም። በአሥረኛው ቀን ሰው ሳይመጣ ማልጄ ሄጄ አጠፋሁት።»

«እና?»

«ሰውዬው አልወጣም።»

አጎቴ የቴሌቪዥኑን መስታወት በእጅጌው ጠረገ።

«መስታወቱ ላይ ታትሞ ቀረ። ዜና ከፈትኩ፤ ከዜና አንባቢው ኋላ ቆሟል፤ ሦስተኛው እርከን ላይ። አንተ እንዳልከው። አንተን ውሸታም ለማድረግ ብዬ እውነተኛ አደረግሁህ! ምላሱን ብቻ ነው ያላወጣብኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? የሰው ቴሌቪዥን የሚያበላሽ ዕቃ እያወቅሁ ልሽጥ? ማሽኖቹን ከመስኮቱ አነሳሁ፤ ማስታወቂያውን ቀደድኩ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ‹ተቃጠለ› አልኩ፤ የገዙትን አስራ አንድ ሰዎች ቤት ለቤት ዞሬ ገንዘባቸውን መለስኩ፤ እነዚያን አስወገድኳቸው። እነዚህን ግን አዲስ ናቸውና ልጥላቸው እጄ አልታዘዘልኝም።»

«ታዲያ ለምን ‹አላወቅሁበትም› ትላለህ? ለምን እውነቱን አልተናገርክም?»

«እብድ ነህ?» አለ አጎቴ። «‹ልጁ እውነቱን ነው› ብዬ ልናገር? አንዴ ‹እውነት ተናገረ› ከተባልክ አንተን ማን ያቆምሃል? አገር ታፈርስ ነበር!»

ሐኪሟ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። «አሁንም… አለ?»

«ሠላሳ ዓመት አልከፈትኩትም። አይሠራም።»

እንግዲህ የኔ ተራ ነው! ካቻቢቴዬን ከኪሴ አወጣሁ። ጀርባውን ከፈትኩ፤ ሸረሪት ሦስት ትውልድ አሳድጋ ትኖርበታለች። ፊውዙ ተበልቷል፤ ከኪሴ ሌላ ሰጠሁት። ኮንደንሰር የሚባለው ጣት የሚያህል ዕቃ እንደ ደረሰ ሊጥ አብጧል። «ምትኩን የማወጣበት፣ የእትዬን ሬዲዮ አምጡልኝ!» አልኩ።

«ሬዲዮዬን ንካና ጣትህን አታገኘውም!» አለች የአጎቴ ሚስት።

«ነገ አዲስ አስገባልሻለሁ!»

«ነገ? ‹ነገ› እኮ ነው ሱቅ ያዘጋው!» አለች፤ ግን ራሷ ሮጣ አመጣችው። እሷም ማየት ፈልጋለች እኮ።

በዚህ መካከል ቁራሌው ደረሰ፤ ግዙፍ ሰው፣ ትከሻው በሩን ሞላው። «ዕቃው ይህ ነው? ውይ፣ እነዚህን አውቃቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት ከአንድ መጋዘን ሃያ ሰባቷን ጨፍልቄያለሁ፤ ፕላስቲካቸው ጠንካራ…»

«አትንገረኝ!» አለች ሐኪሟ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ። ከዚያ አንዱን እጅ አነሳችና «ስንቷን?» አለች።

«ሃያ ሰባት።»

ካርቶን ላይ ተደገፈች፤ ከዚያ ካርቶን መሆኑን አስታውሳ በድንጋጤ ቀና አለች።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ገመዱን ሶኬቱ ላይ ሰካሁት። መጀመሪያ ሽታ መጣ፤ የተጠበሰ አቧራ። ከዚያ ከሆዱ ዝዝዝ የሚል ድምፅ። ከዚያ መሐል ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ። ነጥቧ ተዘረጋች፤ መስታወቱ በነጭና ጥቁር ጠብታ ተሞልቶ ይንጫጫ ጀመር። ሌላ ምንም የለም። አጎቴ ትከሻው ወረደ።

ያኔ ነው ያየሁት።

ከሚንጫጨው ጠብታ ኋላ፣ እንደ ጥላ ጠቆር ብሎ፣ መሰላል! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው እርከን ላይ ደግሞ አንድ እግሩን አንስቶ፣ አንድ እጁን ዘርግቶ፣ ሠላሳ ዓመት ሳይወጣም ሳይወርድም የቆመ፣ ያው ሰውዬ!

«አለ!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሼ፣ አለ!»

«አለ!» አለች ሐኪሟ እየዘለለች። «አለ! አለ!» ቁራሌው ኮፍያውን አወለቀ። የአጎቴ ሚስት «በስመአብ፣ አንተን ይመስላል» አለች ባሏን፤ «ፊቱ ነው የጎደለው።» እኔ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም፤ ቁራሌውን ግን አንስቼዋለሁ አሉ።

ስንረጋጋ ሐኪሟ አጎቴን በአክብሮት እጅ ነሳችው። «እነዚህን ሳጥኖች አድርሼ ለሁለት መቶዎቹ ስነግራቸው ሁለት መቶ ሰው እንቅልፍ ያጣል። ይህ ቴሌቪዥን ግን… የማሽኗ ጥፋት እንዲህ በግልጽ የታየበት በዓለም ላይ አለ ብዬ አላስብም። ሁላችንም ‹ቴሌቪዥን ታበላሻለች ይባል ነበር› እያልን እንጽፋለን እንጂ ያየ የለም።»

«አንዴ ይቆዩኝ» አልኩ። ልቤ ላይ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። «‹ይባል ነበር› ማለት? የት?»

«በየአገሩ። አንድ መቶ ከተማ ይሆናል። ቴሌቪዥን ታበላሻለች የሚለው ወሬ ማሽኗ በተሸጠችበት ሁሉ ነበር። ወሬው ባይኖርም አትሸጥም ነበር እኮ፤ ያ ገመድ፣ ያ ዋጋ…»

አጎቴን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት ጭነት ከጀርባዬ ወረደ፤ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። የዕድሜዬ ትልቁ ውሸት፣ በዓለም ሁሉ ሌላ ሰው የዋሸው ሆኖ ተገኘ!

«ምላሱን አወጣ ያለስ አለ?» አልኳት።

ሐኪሟ አሰበች። «እሱን… አልሰማሁም።»

«እሷ የኔ ናት!» አልኩ። አጎቴ እንደገና መንጋጋውን ያዘ።

ቁራሌው ባዶውን አልተመለሰም፤ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ፣ ልክ እንደ እንቁላል፣ ወደ ሐኪሟ መኪናና ወደ ራሱ መኪና ጫነ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ሊያደርሱ። አጎቴ አርባ ሰባቱን ሰጣትና አንዷን አስቀረ። ስንት እንደተቀበለ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም ታካፍሉታላችሁ። ቴሌቪዥኑን ግን «ስሞት ውሰጂው» አላት። «መንጋጋዎን ካልነቀልኩልዎማ ያ ቀን ቶሎ ይመጣል» አለችው፤ ለሰኞ ቀጠሮ ያዙ።

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በግቢው ተሰበሰበ። እኔ ተነስቼ ታሪኩን ጀመርኩ፤ ቃል ሳልጨምር፣ ሳላጣፍጥ፣ እንዳለ።

«ማለት ሰውዬው የቆመው አንድ ተኩል እርከን ላይ ነው?» አለ አንዱ ጎረቤት። ሁሉም ሳቁ።

አጎቴ ከወንበሩ ብድግ አለ። ልብሱን ቀይሯል፤ ያን ሙሉ ልብስና ከረባት ለብሷል፤ አምና ጋዜጠኛ ያልመጣለትን። እጁን አነሳ።

«ይህን ልጅ አታካፍሉት» አለ። «የነገራችሁ ሁሉ ሙሉ ነው። እኔ ነኝ ምስክሩ። ቴሌቪዥኑን መስኮቱ ላይ አቆምኩት፤ ሠላሳ ቀን ሠላሳ ሌሊት ሳላጠፋው…»

«ጋሼ» አልኩ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፣ «ዘጠኝ ቀን ነበር ያልከው።»

«ዝም በል» አለኝ ዞር ሳይል፤ «ያየሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «በሠላሳ አንደኛው ቀን አጥፍቼ ዜና ብከፍት፣ ሰውዬው ከአንባቢው ኋላ ሆኖ፣ ሰዎች፣ አታምኑኝም፣ ምላሱን አወጣብኝ!»